ለንብ የተመደበ ስኳር

ስኳሩ ሃያ አምስት ኪሎ ነበር። በደብዳቤ፣ በማኅተም፣ በመሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ነው የጫንኩት፤ ከናዝሬት ወጥተን የመልካሳን መንገድ ስንይዝ ግን የሰረቅኩት ይመስል ስሳቀቅ ነበር። ጊዜው መጋቢት 1977 ነው። ያን ዓመት ስኳር ይዞ ገጠር መግባት ምን ማለት እንደነበር ላላየ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። የሸንኮራው ማሳ አፍንጫችን ሥር ሆኖ እኛ የናዝሬት ሰዎች በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን አንድ ኪሎ ካገኘን ወሩን ሙሉ ስናወራው እንከርም ነበር። እናቴ ሻይ በጨው መጠጣት ከጀመረች ቆይታለች። እኔ ልጇ ደግሞ ግማሽ ጆንያ ስኳር ለንብ ላበላ ነው።

"ለማን ነው ያልሽኝ?" አለኝ ሾፌራችን ሁንዴ፣ እያወቀ።

"ለንብ።"

"እኛም ክንፍ እናብቅልና እንመዝገብ እንዴ?"

አልሳቅኩለትም። ስኳሩ እንዲሰጥ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔው ነበርኩ። ዘርፉ እባላለሁ፤ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ፣ በእርሻ መሥሪያ ቤት የንብ እርባታ ባለሙያ። ባለሙያ ማለት ስድስት ወር ሠልጥኖ፣ አንድ የጭስ ማጨሻና አንድ የፊት መሸፈኛ ተረክቦ፣ ለግማሽ አውራጃ ንብ ኃላፊ መሆን ማለት ነው። ዝናቡ ሁለት ዓመት ሲቀር ግራሩ አላበበም። ግራሩ ካላበበ ደግሞ በዚያ አገር ንብ የሚቀምሰው የለም። በሄድኩበት ሁሉ የማየው ባዶ ቀፎ ሲሆንብኝ፣ አበባ እስኪመለስ ድረስ የተረፉት እንኳ በስኳር ብጥብጥ ይደገፉ ብዬ ጻፍኩ። በስምንት ወሩ መልስ መጣ። ስለ ሰው የተጻፈው ስንቱ ደብዳቤ ተኝቶ ሳለ የንቡ መልስ ማግኘቱ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ስኳሩ የተመደበላቸው ሰው ኦቦ መርጋ ይባላሉ። ከመልካሳ አለፍ ብሎ፣ አዋሽ ዳር ካሉት መንደሮች በአንዱ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሃያ ሁለት ቀፎ ነበራቸው፤ የቀረው ሰባት ነው። ሰባቱን ዓይኔ ሥር ይሁኑ ብለው ከግራሩ ላይ አውርደው ከቤታቸው ጓሮ በእንጨት ቆጥ ላይ በመደዳ ደርድረዋቸዋል።

ለሌላው ሰው ሰባት ቀፎ ሰባት ቀፎ ነው። ለኦቦ መርጋ ግን አገራቸው ላይ መቅረትና አለመቅረት ነበር። በዚያ ሰሞን ለሰፈራ የሚሄድ ሰው እየተመዘገበ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ፉፋ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ያህል አባወራ አምጣ ተብሏል፣ ማምጣት አለበት። የሚያመርተው የሌለው ሰው ቅድሚያ ይጻፋል። የኦቦ መርጋ በሬዎች ሞተዋል። ወንድ ልጃቸው ግንባር ነው። ቤት ያሉት እሳቸው፣ የልጃቸው ሚስት ኢፍቱና ጡት ያልተወ ሕፃን ብቻ ናቸው። ፉፋ አዘነላቸውና፣ "ማርም ምርት ነው። ንቦቹ ለሰኔ ከደረሱ ስምዎን አልጽፍም" አላቸው። ካልደረሱ ሚስታቸውና ሁለት ልጆቻቸው የተቀበሩበትን አገር ጥለው ወደ ምዕራብ የሚሄደው መኪና ላይ ይወጣሉ።

ስኳሩ ከመምጣቱ ከሳምንት በፊት አሰጣጡን ላሳያቸው ሄጄ ነበር። ደብተሬን ገልጬ እንደ አስተማሪ ቆምኩ። ስኳርና ውሃ እኩል። ውሃው ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል። በዝርግ ሳህን ሆኖ ንቦቹ እንዳይሰምጡ ላዩ ላይ ጭድ ይበተናል። ሳህኑ ከኋላ ባለው ክዳን በኩል ቀፎው ውስጥ ይገባል፤ ያውም ፀሐይ ጠልቃ፣ ንቡ ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ። መውጫው አንድ ጣት ብቻ እስኪያሳልፍ በጭቃ ይጠብባል። ውጭ ጠብ ያለ ነገር ካለ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

ኦቦ መርጋ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝና ሳቁ። "ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። "ይህን ለእኔ ነው የምትነግሪው? በሶ ሳለኝ በሶ ስሰጣቸው ነበር፤ አንድ ቀን በፀሐይ ሰጥቼ አላውቅም። የራበው ንብ ቀን ላይ ምግብ ከሸተተው የጎረቤቱን ቤት ሰብሮ ነው የሚገባው። ተገዳድሎ ያልቃል።"

"በሶው አለቀብዎት?"

"አላለቀም። ኢፍቱ ትብላው ብዬ ነው። ታጠባለች።"

በስኳሩ ቀን ረፋድ ላይ ደረስን። ሐሳቤ ውሃውን አፍልቼ፣ ጥላ ሥር ተቀምጬ ማታን መጠበቅ ነበር። የኦቦ መርጋ ደጅ ግን በሰው ተሞልቷል። ሁለት መቶ ሰው ይሆናል። ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለዋል። ማንም ወደ እኔ አላየም፤ ሁሉም ያየው ሁንዴ የተሸከመውን ጆንያ ነው። በመሐል ከአውራጃ የመጣው ካድሬ ጓድ ዘገዬ ቆሟል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። የማይሰርቅ፣ ሌላውም እንዳይሰርቅ ሌት ተቀን የሚጨነቅ ልጅ ነበር።

"ጓዲት ዘርፉ፣ ውሃው ፈልቶ ቀዝቅዟል። እንጀምር" አለኝ።

"ጓድ፣ የሚሰጠው ማታ ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ።"

"ማታ?" አለና ፈገግ አለ።

ከኋላ አንዱ፣ "ማታማ ከሆነ እኛም ንብ ሆነን እንመጣለን" ሲል ሰዉ ሳቀ።

"በቀን ከተሰጣቸው ይዘራረፋሉ" አልኩ።

"እነማን ናቸው የሚዘራረፉት?"

"ንቦቹ። እርስ በእርሳቸው።"

አሁን ሳቁ ባሰ። እኔ ራሴ ስሰማው የሌባ ሰበብ ይመስል ነበር። ጓድ ዘገዬ ክንዴን ይዞ ገለል አደረገኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ አምንሻለሁ። ግን ይህን ሕዝብ እይው። ስኳሩ ማታ፣ በጓሮ፣ አንቺና ሽማግሌው ብቻችሁን ሆናችሁ ለንብ ተሰጠ ብንል የሚያምን አለ? በዘይቱ ጉዳይ የተያዘው ልጅ አሁን የት እንዳለ ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ። አብሮኝ የሠለጠነ ልጅ ነው። የእርዳታ ዘይት ጎደለ ተብሎ ከተያዘ ሁለት ወሩ፤ እናቱ በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ በቤታችን በኩል ታልፋለች።

"ይሁን" አልኩ፣ "ቢያንስ ቀፎው ውስጥ ላስገባው።"

"ውስጥ ከገባ ማን ያየዋል? ከደጃቸው ይቀመጥ።"

"መውጫቸውን እንኳ ላጥብበው።"

"ለምን ትዘጊባቸዋለሽ? ወጥተው ይብሉ እንጂ።"

ያንገበገበኝ ነገር ቢኖር፣ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው ማለቴ ነው። ስለ ንብ ብዙ ባወራሁ ቁጥር ይበልጥ ሌባ እመስላለሁ። ዝም ካልኩ ንቦቹ ያልቃሉ። ኦቦ መርጋ ይህን ሁሉ በትራቸውን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና አንድ እርምጃ ወደፊት ራመድ አሉ። "ጓድ፣ እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ለእኔ ስጡኝና . . ."

"ኦቦ መርጋ፣ ዝም ይበሉ" አለ ፉፋ ቶሎ ብሎ። "ስኳሩ የሕዝብ ነው።" እንዲህ ያላቸው እሳቸውን ለማዳን ነበር፤ ያን ሁሉም አውቋል። ኦቦ መርጋ ወደ እኔ አዩ። ባለሙያዋ እኔ ነኝ፤ የምናገረው ነገር ካለ ሰዓቱ አሁን ነው። መሬት መሬት አየሁ።

ከየቤቱ ሰባት ሳፋ መጣ። ስኳሩን በሰው ፊት አፈሰስኩት፣ በሰው ፊት በጠበጥኩት። ውሃው ውስጥ ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ ሁለት መቶ ሰው ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ሳፋዎቹን ስናዞር እየተንጠባጠበ ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ ጎንበስ ብላ ከመሬት በጣቷ ነክታ ላሰች፤ እናቷ ቀና አድርጋ መታቻት፣ ከዚያም እናቲቱ ራሷ አለቀሰች። ጭዱን ብቻ አልተከለከልኩም። በየሳፋው ላይ በተንኩ። ሰባቱ ሳፋ ሰባቱ ቀፎ ደጅ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። አንዲት ንብ መጥታ ጠርዙ ላይ አረፈች፣ ጠጣች፣ ሄደች። ቀጥሎ አሥር መጡ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰባቱም ቀፎ ተነቃንቆ ወጣና ሳፋዎቹ ጠቆሩ። ሰዉ "ኧረ በሉ፣ ኧረ ተመልከቱ" ይላል። ጓድ ዘገዬ ግራ እጁን ጨብጦ አነሳና ድርቅን በተባበረ ክንድ ስለማሸነፍ ጥቂት ተናገረ። ተጨበጨበ።

እኔ ድምፃቸውን እየሰማሁ ነበር። የሚበላ ንብ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። የሚዋጋ ንብ ድምፁ ይቀጥናል፣ ከፍ ይላል። ከዳር ሦስተኛው ቀፎ ከሁሉም ደካማው ነበር፤ መጀመሪያ የቀጠነው እዚያ ነው። ሳፋው ሲጋመስ የጎረቤቶቹ ንቦች መውጫው ላይ ተረባረቡ። የደጅ ጠባቂዎቹ ሁለት ሦስት እየሆኑ ከወራሪዎቹ ጋር ተናንቀው መሬት ይወድቃሉ፣ እየተንከባለሉ ይናደፋሉ፣ ይሞታሉ። ወዲያው አራተኛው ተደፈረ። ከአዋሽ ዳር ዛፎች የማናውቃቸው የዱር ንቦች ሽታውን ተከትለው ደረሱ። ሰማዩ በንብ ደመነ፤ ሰዉ ያን ሲያይ ይበልጥ ደስ አለው፤ ንብ እንዲህ በዝቶ ካየ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጭብጨባው ደመቀ።

ኦቦ መርጋ የሚሆነውን ሁሉ ያያሉ። አጠገባቸው የቆመው የሚሊሺያ ሰው ዞር ብሎ ሲያያቸው በትራቸውን ብብታቸው ሥር ከተቱና አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ለምን እንዳጨበጨብኩ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ከዚያ መናደፍ ተጀመረ። ሕፃናት ጮኹ፣ አንድ አህያ ገመዱን በጥሶ በቆጡ ሥር አለፈ፣ ሰዉ ተበታተነ። ጓድ ዘገዬ ኮቱን ራሱ ላይ ጥሎ ወደ መኪናው ሮጠ። ግንባሩ ሁለት ቦታ አብጦ ይስቃል። "ስኳሩን ሲያገኙ ጉልበት አገኙ" አለኝ በመስኮት፣ ከልቡ።

ኦቦ መርጋና እኔ ብቻ ቀረን። ኢፍቱ ሕፃኑን ቤት ዘግታበት ውሃ ታቀብለናለች። ሳፋዎቹን ገለበጥን፣ እርጥብ ጆንያ ጣልን፣ ጭስ አጨስን፣ መውጫዎቹን በጭቃ ደፈንን። እኔ መሸፈኛ አለኝ፤ እሳቸው በባዶ ፊታቸው ነበሩ፣ የሚናደፉትንም አያብሱም። አንዴ ዝርፊያ ከተነሳ ግን ማቆሚያ የለውም፤ ይህንንም ደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር።

ሲመሽ ከፈትናቸው። አራቱ ባዶ ናቸው፤ ሰፈፉ ተቦጫጭቋል፣ የነበረችው ጥቂት ማር እንኳ ተልሳ አልቃለች። በሁለቱ አውራዋ ሞታ ወለሉ ላይ ተገኘች። በአንደኛው አንድ እፍኝ ንብ በአውራዋ ዙሪያ ተጨብጦ ይንቀጠቀጣል። ኦቦ መርጋ ያቺን እፍኝ እያዩ መሬት ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው አብጦ ዓይናቸው አይታይም።

"አንቺ ነገርሽኝ፣ እኔም ነገርኩሽ" አሉኝ። "ሁለታችንም እናውቅ ነበር።"

ይቅርታ ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። የሰደቡኝ ቢሆን እል ነበር።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ያቺም እፍኝ ተነስታ ሄደች። ወዴት እንደሄደች አልታወቀም።

ናዝሬት ተመልሼ እውነቱን ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ነው፤ በቀን በመሰጠቱ፣ ውጭ በመቀመጡ፣ መውጫው ባለመጥበቡ ሰባቱም ቀፎ ጠፍቷል ይላል። አለቃዬ አቶ አብዱልመናን ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው ጨዋ ሰው ነበሩ። አንብበው በሩን ዘጉና ከአውራጃ የመጣ ሌላ ወረቀት አሳዩኝ። ለንብ የተመደበው ስኳር አንድ ማንኪያ ሳይጎድል፣ ሕዝብ በተገኘበት፣ በግልጽ ተሰጥቷል ይላል። ንቦቹ በከፍተኛ መነቃቃት እንደተቀበሉትም ተጽፏል። ከሥሩ የምስክሮች ፊርማና አሻራ አለ። ከአሻራዎቹ አንዱ የኦቦ መርጋ ነው።

"ዘርፉ፣ ስኳሩ አልጠፋም" አሉኝ። "ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ንቦቹ ጠፍተዋል።"

"ንቦቹን ፈርሞ የተረከበ የለም።" ወረቀቴን አጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተው ቆለፉበት። "ለአንቺ ብዬ ነው፤ አንድ ቀን ትመርቂኛለሽ።" እስከ ዛሬ አልመረቅኳቸውም፤ አልረገምኳቸውምም።

ፉፋ ቃሉን ጠበቀ። ንብ የለም፣ ምርት የለም፤ ስማቸውን ጻፈ። በሦስተኛው ሳምንት የሰፈራ መኪኖቹ ናዝሬት ባቡር ጣቢያው አጠገብ ውሃ ሊቀዱ ቆሙ ሲባል ከመሥሪያ ቤት ጠፍቼ ሄድኩ። ሦስተኛው መኪና ላይ አገኘኋቸው። ኢፍቱ ሕፃኑን አቅፋ ጥግ ተቀምጣለች፤ እኔን ስታይ ፊቷን አዞረች። እውነቷን ነው። ኦቦ መርጋ ግን በመኪናው ጎን ላይ አጎንብሰው እጄን ያዙ።

"እዚያ ንብ አለ ይላሉ?"

"ደን ነው፣ ኦቦ መርጋ። በየዛፉ ነው ይባላል።"

"ታዲያ ስኳር አያስፈልጋቸውም" አሉ፤ ለማጽናናት የተናገሩት ለእኔ ነበር። መኪናው ሲንቀሳቀስ እጄን ቶሎ አልለቀቁም፤ ጥቂት አብሬ ሄድኩ።

በሚያዝያ ለሁለተኛ ጊዜ ስኳር ተመደበ። የመጀመሪያው ያለ አንዳች ጉድለት ስለተፈጸመ ነው ተባለ። አሰጣጡም በዚያው መንገድ፣ በሕዝብ ፊት እንዲሆን ተጻፈልኝ። ቦታው ከአዳሚ ቱሉ ወዲህ ያለ አንድ መንደር ነው። አሞኛል ልል አስቤ ነበር። ዘይት ጎደለበት የተባለው ልጅ ገና አልተፈታም፤ እናቱ እንደ ወትሮዋ በቤታችን በኩል ታልፋለች፣ እናቴም ባየቻት ቁጥር እኔን ታያለች። ሄድኩ።

ደጁ እንደዚያኛው በሰው ተሞልቷል። ካድሬው ሌላ ነው፤ ፈገግታው ያው ነው። የንቦቹ ባለቤት አዴ ቡዜ የሚባሉ በሃምሳዎቹ ያሉ ባልቴት ናቸው። ዘጠኝ ቀፎ አላቸው፤ ዘጠኙም በሕይወት አለ። ያን ሁሉ ጊዜ በምን እንዳቆዩአቸው አላውቅም። ጆንያው ሲወርድ ቀስ ብለው ተጠጉኝና ሰው እንዳይሰማ በጆሮዬ፣ "ልጄ፣ ማታ ቢሆን አይሻልም? የእኔ ንቦች ቀን ከሸተታቸው እርስ በእርስ ይጣላሉ" አሉኝ።

ካድሬው ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ዓይኑ እኔ ላይ ነው።

"በቀን ይሻላል፣ አዴ ቡዜ" አልኳቸው። "ሰው ሁሉ ያየዋል።"

ጥቂት አሰቡ። ከዚያ የተማረች ሰው ናት ብለው አመኑኝና ሳፋቸውን ሊያመጡ ወደ ቤት ገቡ።